አንድ ሌክቸረር ይፈለጋል

የዩኒቨርሲቲ የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሰው አፍ ላይ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች፦ «ተዉት፣ ሰው ተይዞለት ነው የወጣው።» ተይዞለት የሚወጣ ማስታወቂያ የለም ብዬ አልምልም። ነገር ግን እጅግ ብዙ ማመልከቻ ዘመድ ጋ ሳይደርስ ወረቀት ላይ ይወድቃል። አንዱ ቀኑ አልፎበታል፤ የሌላው የትምህርት መስክ ከተጠየቀው በአንድ ቃል ይለያል፤ የሦስተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ መቼ እንደጀመረ አይናገርም። ኮሚቴው እነዚህን ለመጣል ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ የማጣሪያ ሠንጠረዡን መሙላት ብቻ ይበቃዋል።

ስለዚህ ማስታወቂያን በጻፈው ሰው ዓይን ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ። የጻፈው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቸገረው የዲፓርትመንት ኃላፊ ነው።

የነገሩ መነሻ የኮርስ ድልድል ነው። ዲፓርትመንቱ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ኮርሶች ዘርዝሮ ከእያንዳንዱ ጎን የመምህር ስም ሲጽፍ ባዶ የሚቀሩ መስመሮች ይገኛሉ። አንዱ መምህር ለፒኤችዲ ወጥቷል፣ አንዷ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዘዋውራለች፣ አንዱ ማስተማሩን ትቶ ኤንጂኦ ገብቷል። የዲፓርትመንት ካውንስሉ፣ በአጭሩ ዲሲ የሚባለው፣ በቃለ ጉባኤ «ሰው ይቀጠርልን» ብሎ ይወስናል። ቃለ ጉባኤው ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ይሄዳል፤ የሰው ሀብት ክፍሉ በጀት የተያዘለት ክፍት መደብ መኖሩን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጋዜጣ ላይ የሚወጣው። በየደረጃው ቃላቱ እየተራገፉ ይሄዳሉ። ዲሲው ጋ «የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሁለት ሴክሽንና ሦስት የላብ ግሩፕ የሚይዝ ሰው አጥተናል» የነበረው ችግር ጋዜጣው ላይ ሲደርስ «ሌክቸረር፣ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት» ሆኖ ቁጭ ይላል።

አመልካች ማድረግ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ያንን የተራገፈውን መልሶ ማግኘት ነው። ከባድ አይደለም። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ጋ ደውሎ «የትኞቹ ኮርሶች ናቸው ሰው ያጡት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መልስ ከጠፋም የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርቶች በአብዛኛው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣሙ ስለሆኑ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ የኮርስ ዝርዝር ያው ነው ማለት ይቻላል። ሴሚስተሩን አይቶ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚሰጡ ያወቀ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን ማስተማር ትችላለህ?» ሲባል «ሁሉንም» ብሎ ራሱን አያዋርድም።

ማዕረጎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ከታች ረዳት ምሩቅ አለ፣ ጂኤ የምንለው። የሚቀጠረው በመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ቱቶሪያልና ላብ ይይዛል፤ ቆይቶ ለማስተርስ ይላካል። ቀጥሎ ረዳት ሌክቸረር፣ ከዚያ በማስተርስ የሚያዘው ሌክቸረር፣ በፒኤችዲ የሚጀመረው ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ሌላ ተቋም ውስጥ ረዳት ፕሮፌሰር የነበረ ሰው ማዕረጉን ሲቪው ላይ ጽፎ ብቻ ይመጣል። ማዕረግ በሲቪ አይተላለፍም፤ ማዕረጉን የሰጠው ተቋም ደብዳቤ ካልተያያዘ ኮሚቴው የሚያየው ዲግሪውን ብቻ ነው።

የማስታወቂያው ልብ የትምህርት መስክ የሚጻፍበት ሳጥን ነው። «በመጀመሪያ ዲግሪ ኬሚስትሪ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ» ካለ ሁለት መስፈርት ነው ያለው፣ አንድ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪውን በፋርማሲ ይዞ ማስተርሱን በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሠራ ሰው ሁለተኛዋን ሳጥን ሞልቶ በመጀመሪያዋ ይወድቃል። ዲፓርትመንቱ ይህን የሚጽፈው ለጭካኔ አይደለም፤ ያ ሰው ነገ የአንደኛ ዓመት ጠቅላላ ኬሚስትሪም ይያዝ ሊባል ስለሚችል ነው። «ወይም ተዛማጅ» የምትለዋ ሐረግ ካለች ደግሞ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ተዛማጅነቱን ማስረዳት ግን የአመልካቹ ሸክም ነው። ትራንስክሪፕት ላይ ያሉትን ከክፍት ቦታው ጋር የሚገናኙ ኮርሶች ከነክሬዲታቸው በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ማያያዝ ከአስር ገጽ የማመልከቻ ደብዳቤ ይበልጣል። ኮሚቴው ውስጥ ያለው የሌላ ዲፓርትመንት ሰው መስኩን አያውቀውም፤ ያ አንድ ገጽ የሚሠራው ለእሱ ነው።

ሲጂፒኤ፣ ማለትም የተመረቁበት አማካይ ውጤት፣ ላይ ክርክር አያዋጣም። 3.25 ከተጠየቀ 3.24 አይሞላም፤ አይጠጋጋምም። ለሴት አመልካቾች መነሻው ዝቅ ተደርጎ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ ግን ከሳጥኑ ስር ያለውን ማሳሰቢያ ሳያነቡ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ወደ ቀኑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የሚወድቀው ሰው ብዛት ያናድደኛል። «ማስታወቂያው በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» እና «10 ተከታታይ ቀናት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስታወቂያው ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጣ እንበል፤ ዕለቱ ሐሙስ ነው። በሥራ ቀን ሲቆጠር ሐሙስ አንድ፣ ዓርብ ሁለት። ቅዳሜና እሑድ ይዘለላሉ። ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ነው፣ እሱም ይዘለላል። ማክሰኞ 12 ሦስት ተብሎ ይቀጥልና ዓርብ ጥር 15 ስድስተኛው ቀን ይሆናል። ሰኞ 18 ሰባት፣ ማክሰኞ ስምንት፣ ረቡዕ ዘጠኝ፣ ሐሙስ ጥር 21 አስር። «የሥራ» የምትለዋ ቃል ከሌለች ግን አስረኛው ቀን ጥር 16፣ ቅዳሜ ላይ ያርፋል። ቢሮ ዝግ ነው፤ የሚያዋጣው ዓርብ 15 ማስገባት ነው። በአንዲት ቃል መኖርና አለመኖር ስድስት ቀን ይሄዳል ማለት ነው። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ማለትና «ከወጣበት ቀን ቀጥሎ» ማለትም በአንድ ቀን ይለያያሉ። ልብ በሉ፣ ቆጠራው የሚጀምረው ጋዜጣው ከወጣበት ቀን እንጂ ማስታወቂያው ፎቶ ተነሥቶ ስልካችሁ ላይ ከደረሰበት ቀን አይደለም። ፎቶው ሲደርስ አንዳንዴ አራት ቀን አልፎታል፤ የጋዜጣው ቀን ደግሞ ተቆርጦ ቀርቷል።

ሰነድ ላይ የሚከተሉት ናቸው አደጋ የሚያመጡት። የሚጠየቀው ዲግሪው ራሱ፣ ኦሪጅናሉ፣ ይሁን ቴምፖ የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ማስታወቂያው ላይ ይነበባል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ካልጨረሰ በእጁ ያለው ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ማስረጃና ስቱደንት ኮፒ፣ ማለትም ለተማሪው በእጁ የሚሰጠው የውጤት ቅጂ፣ ነው። አንዳንድ ማስታወቂያ ለማመልከቻ በቴምፖ ይቀበልና ቅጥሩ ሲፈጸም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማረበት ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ይጠይቃል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ታሽጎ የሚሄድ ነገር ነው፤ አመልካቹ ከፍቶ ካመጣው ዋጋ የለውም። ዕዳውን ለመክፈል፣ ክሊራንሱን፣ ማለትም ከየክፍሉ ዕዳ እንደሌለበት የሚያስፈርመውን ቅጽ፣ ለመጨረስና ሰነዱ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ከማስታወቂያው አስር ቀን ጋር አይመጣጠንም፤ ሥራ ለመፈለግ ያሰበ ሰው ይህን ማስታወቂያ ሳይወጣ ነው የሚጀምረው። ከግል ኮሌጅ ወይም ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ደግሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል መረጋገጥና የአቻ ግምት ማግኘት ይኖርበታል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዲግሪያቸውን ይዘው ለሚመለሱ ወገኖች የምመክረው ገና እዚያው ሳሉ ዲግሪውን በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችና በኤምባሲ ማረጋገጥን ነው፤ አዲስ አበባ ሆኖ ከውቅያኖስ ማዶ ማኅተም ማስመጣት ፈተና ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምስት ነገር መያዝ አለበት፦ የሥራ መደቡን ስም፣ የጀመሩበትን ቀን፣ ያቆሙበትን ቀን ወይም «እስካሁን» የሚል ቃል፣ ደመወዝ፣ ፊርማና ማኅተም። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተጻፈበት ብዙ ቦታ አይቆጠርም። «በትጋትና በታማኝነት አገልግለዋል» የምትለዋ ውብ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ለምንም አትሆንም። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ በግልጽ ይጻፍ። ዲግሪው ላይ 2021 ያለው የፈረንጅ ዓመት ሆኖ የሥራ ልምዱ ላይ 2014 ያለው የእኛ ከሆነ ያልለመደ ዓይን ሰውየው ሳይመረቅ ሰባት ዓመት ቀድሞ የተቀጠረ ይመስለዋል።

ስምም እንዲሁ ነው። ወርቅነህ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰነድ ላይ በደብልዩ ኦ፣ ሌላው ላይ በደብልዩ ኢ ሆኖ ይገኛል። ለእኛ ያው ወርቅነህ ነው፤ ሰነድ ለሚያመሳክር ሰው ግን ሁለት ሰው ነው። ይህ ከሬጅስትራር በሚጻፍ ደብዳቤ የሚስተካከለው ገና ተማሪ እያሉ ሲያዩት ነው። ከተመረቁ ከአምስት ዓመት በኋላ ጣጣው ብዙ ነው።

ማጣሪያውን ያለፈ ሰው የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና ዴሞንስትሬሽን ይጠብቀዋል። ዴሞንስትሬሽን ማለት የዲፓርትመንቱ መምህራን ተማሪ ሆነው ተቀምጠው አመልካቹ የሚያስተምርበት አስራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ነው። ያለ ጥርጥር የትልቁ ስህተት ስም ስላይድ ነው። ለአስራ አምስት ደቂቃ አርባ ስላይድ ይዞ የሚመጣ ሰው አስራ ሁለተኛው ላይ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ አንደኛው ላይ። ከጠመኔ ወይም ከማርከር ጋር የተዋወቀ ሰው ነው ይህን ቀን የሚያሸንፈው።

አንድ ሐሳብ ብቻ መምረጥ ይበቃል። ለምሳሌ የስታቲስቲክስ ቦታ ከሆነ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን። ሰሌዳው ግራ ጠርዝ ላይ አምስት ቁጥር ይጻፋል፦ 2፣ 4፣ 4፣ 6፣ 9። ድምራቸው 25፣ አማካያቸው 5። ቀጥሎ እያንዳንዱ ከ5 ምን ያህል እንደራቀ፦ ከታች 3፣ ከታች 1፣ ከታች 1፣ ከላይ 1፣ ከላይ 4። እዚህ ላይ ቆም ብሎ «እነዚህን ብንደምራቸው ስንት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዜሮ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ዜሮ ነው። ራሳቸው ላይ የምናባዛቸው ለዚህ ነው፦ 9፣ 1፣ 1፣ 1፣ 16፣ ድምሩ 28። ከዚያ ለ5 ሳይሆን ለ4 ማካፈል፤ 7 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 2.65 አካባቢ። «ለምን ለ4?» የሚለው ጥያቄ ከአንዱ መምህር እንደሚመጣ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። መልሱ እዚያው ሰሌዳው ላይ አለ፦ ድምራቸው ዜሮ መሆኑ ከታወቀ አራቱን ያወቀ ሰው አምስተኛውን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ነጻ ሆነው የቀሩት አራት ናቸው። ይህን በእርጋታ ያስረዳ ሰው ከአርባ ስላይዱ ሰው ይልቅ ይታወሳል። ገምጋሚዎቹ የሚያዩት እውቀቱን ብቻ አይደለም፤ ሰሌዳው ኋላ ረድፍ ላይ ይነበባል ወይ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ይቆጣል ወይ፣ ሰዓቱን ይጠብቃል ወይ የሚለውንም ነጥብ ይሰጡበታል። አንዳንዱ ገምጋሚ ሆነ ብሎ የተሳሳተ ነገር ይናገራል። በትሕትና ማረም እንጂ አብሮ መስማማት አይበጅም።

ከተቀጠሩ በኋላስ? መጀመሪያ የሚማሩት ነገር የሎድ፣ ማለትም የማስተማር ጫና፣ ሒሳብ ነው። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሕግ ሙሉ ሎድ በሳምንት 12 የሌክቸር አቻ ሰዓት ነው። አንድ የሌክቸር ሰዓት እንደ አንድ፣ አንድ የላብ ሰዓት እንደ ሁለት ሦስተኛ ይቆጠራል። ያ ከላይ ያነሳሁት የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቦታ ሲሰላ እንዲህ ይመጣል። የሦስት ሰዓት ሌክቸር ለሁለት ሴክሽን፣ 6። የሦስት ሰዓት ላብ በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ 2፣ ለሦስት ግሩፕ 6። ጠቅላላው 12፣ ሙሉ ሎድ። በእግር የሚቆምበት ሰዓት ግን 6 እና 9፣ በድምሩ 15 ነው። እያንዳንዱ የላብ ግሩፕ 25 ተማሪ ቢኖረውና አምስት አምስት ሆነው ሪፖርት ቢያስገቡ በሳምንት 15 ሪፖርት ይመጣል። አንዱን በ12 ደቂቃ ቢያርሙት ሦስት ሰዓት ነው፤ ይህ ሎድ ውስጥ የለም። ፈተና ማውጣት፣ ማረም፣ ውጤት ሬጅስትራር ሲስተም ላይ ማስገባት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር ሲጨመርበት «መምህር እኮ በሳምንት 12 ሰዓት ነው የሚሠራው» የሚል ሰው ከየት እንደሚመጣ ይገርማል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። ተመራቂው 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ ስለዚህ በሁለተኛው ሴሚስተር ማብቂያ የቱቶሪያል ፕሮግራም ይወጣል፣ የሚይዘውም ያው መምህሩ ነው።

ከ12 በላይ የሚያዘው ሰዓት ኦቨርሎድ ይባላል፤ ክፍያ አለው። ክፍያው የሚዘገይበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ መምህሩ ማስተማር የጀመረው የምደባ ደብዳቤ ሳይደርሰው ነው። ክፍሉ ባዶ እንዳይውል ተብሎ በቃል ይገባል፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ፎርሙ ሲሞላ ፋይናንስ ደብዳቤውን ይጠይቃል፤ ደብዳቤው ወደ ኋላ ተመልሶ መጻፍ ይኖርበታል፤ የጻፈው ኃላፊ ደግሞ ወንበሩን ለቅቋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ደብዳቤው እጅ ሳይገባ ማርከር አለማንሳት። ይህን ማለት ግን ከማድረግ ይቀላል፤ ስልሳ ተማሪ በር ላይ ቆሞ እያየ ማን ነው የሚጨክነው?

ስለ ደመወዝ አላንዛዛም። ከጠቅላላው 7 በመቶ ለጡረታ ይሄዳል፤ ግብሩ ደግሞ የላይኛው እርከን ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥርና ባንክ የሚገባው ቁጥር ስለማይገናኙ ቤት ኪራይ ከመዋዋል በፊት የተጣራውን ማስላት ነው። ግቢ ውስጥ የመምህራን መኖሪያ ያለው ዩኒቨርሲቲና የቤት አበል ብቻ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ በኑሮ ረገድ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። መጠየቅ ያለበት «ቤት አለ ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ተራው ስንተኛ ላይ ነው?» ተብሎ ነው።

ምርምር ሁሉም የሚመኘው፣ ሎዱ ደግሞ የሚበላው ነገር ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሲለዩ ስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለዋል፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያና አርባ ምንጭ። አመልካች ምርምር እሠራለሁ ብሎ ከመጣ ስሙን ብቻ ሳይሆን ላቦራቶሪውን ማየት አለበት፤ ማሽኑ አለ ወይ ሳይሆን ማሽኑ ይሠራል ወይ፣ ጋዙ ይሞላል ወይ፣ ጠጋኝ አለው ወይ ብሎ።

ከዩኒቨርሲቲ ምርምራችን ታሪክ ሁልጊዜ የምመለስበት የእንዶድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናት። ዋጋ የማያስወጣ ምልከታ፣ ዓለም አቀፍ ክብደት ያለው ግኝት። በ1966 በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት ግን በ1989 ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ ሃያ አምስት ዓመት። በመካከሉ የነበረው ውጣ ውረድ ግኝቱን ሳይሆን የመርዛማነት ምርመራውን የሚመለከት ነበር፤ አገር ውስጥ የተሠራው ምርመራ ዓለም አቀፍ ደረጃ ባለው ላቦራቶሪ ካልተደገመ አይበቃም መባሉ። ነገሩ እልህ ያስይዛል፤ ለዛሬ ተመራማሪ ግን የሚነግረው በጣም ተግባራዊ ነው። የላብ ማስታወሻ ደብተሩ ቀን፣ የመመዘኛው ካሊብሬሽን መዝገብ፣ የኬሚካሉ ሎት ቁጥር፤ ሌላ ሰው ሥራውን የሚያምነው በእነዚህ ነው።

እንዶድ ሌላም ነገር ያስታውሳል። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ቶሌዶ ዜብራ መስል የተባለውን ቀንድ አውጣ መሰል ተባይ ለማጥፋት የእንዶድን ጥቅም በፓተንት አስመዝግቧል። ጤፍም ኔዘርላንድስ ውስጥ ፓተንት ወጥቶበት ሔግ ያለው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ውድቅ ያደረገው። ዛሬ የዕፅዋት ናሙና ወደ ውጭ ላብ የሚልክ መምህር በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት አለበት። «የማስተርስ ተማሪ ሥራ ነው፣ ሃያ ቅጠል ብቻ ነው» የሚለው ሰበብ ኤርፖርት ላይ አይሠራም። የፈቃዱን ጊዜ ፕሮፖዛሉ የሥራ ሠሌዳ ውስጥ ማስገባት፣ ቢያንስ ሁለት ወር ባዶ መተው ነው። በሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ከሆነ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከሁሉም ይቀድማል፤ ብዙ ፕሮፖዛል የሚመለሰው የስምምነት ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ ስለሚመጣ ነው። መጠይቁ የሚጠየቀው ገበሬ በሚናገረው ቋንቋ ካልሆነ ስምምነቱ ስምምነት አይደለም።

ገንዘቡ ላይ የሚፈጠረው ችግር የቀን መቁጠሪያ ችግር ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የፕሮፖዛል ጥሪ ጥቅምት ላይ ወጥቶ ግምገማው ጥር ካለቀ ገንዘቡ የሚለቀቀው መጋቢት አካባቢ ይሆናል። የመስክ ሥራ የሚመቸው ደረቁ ወቅት ደግሞ ያኔ እያለቀ ነው። ግዢው ይጀመራል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ፕሮፎርማው ላይ «ለ30 ቀን የሚያገለግል» ይላል፤ ፊርማው ሲጠናቀቅ 40 ቀን አልፏል፤ ዋጋው ጨምሯል፤ እንደገና ይሰበሰባል። ከዚያ ሰኔ 30 ይመጣና ያልተጠቀሙበት ይመለሳል። ለዚህ የማውቀው ማምለጫ ዕቃውን በሦስት መክፈል ነው። ብልቃጥ፣ ጓንትና የማይበላሽ ኬሚካል መጀመሪያ ይገዛል። ከውጭ የሚመጣው ነገር ገንዘቡ በተለቀቀ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠየቃል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚፈልግ ኤንዛይም ግን መጨረሻ ላይ፣ የሚቀበለው ሰውና ፍሪዘሩ መኖራቸው ሲረጋገጥ ብቻ። ኤንዛይም ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ሦስት ቀን ካደረ ውኃ ገዛችሁ ማለት ነው።

መስክ ላይ የወጣ ገንዘብ ሳይወራረድ ሁለተኛው ክፍያ አይለቀቅም። ለነዳጅና ለአልጋ ደረሰኝ ይገኛል፤ ለበቅሎ ኪራይና ለመንገድ መሪ ግን ማን ደረሰኝ ይሰጣል? የክፍያ ፎርም አስቀድሞ ከፋይናንስ ማስፈረምና ይዞ መሄድ ነው፦ ስም፣ ቀበሌ፣ የቀን ብዛት፣ የቀን ሒሳብ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ከተቻለ የቀበሌው ማኅተም። ከተመለሱ በኋላ በነጭ ወረቀት የተጻፈ «ተቀብያለሁ» ኦዲተር ፊት ዋጋ የለውም፤ ገንዘቡ ከመምህሩ ደመወዝ ይቆረጣል።

ውጤቱ ሲታተም ሌላ ጉድጓድ አለ። በሁለት ሳምንት እናትማለን የሚል፣ ስለ ዓሣም ስለ ባንክም በአንድ እትም የሚያወጣ፣ የአርታኢዎቹ አድራሻ የማይገኝ ጆርናል ገንዘብ ይቀበላል፤ ለዕድገት ሲቀርብ ግን ኮሚቴው ይጥለዋል። ሰው እዚያ የሚገባው የታወቁት ጆርናሎች ክፍያ ውድ ነው ብሎ ነው። ኢትዮጵያ ግን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም ምድብ ሀ ውስጥ ስላለች ብዙ ትላልቅ አሳታሚዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ያነሳሉ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጽሑፉ ሲገባ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሲጠይቁ ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ። ተጻጻፊው ደራሲ፣ ማለትም ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው፣ አድራሻው ኢትዮጵያ መሆኑም ይታያል፤ ውጭ አገር ያለውን አማካሪ ተጻጻፊ ያደረገ ሰው ይህን ዕድል በገዛ እጁ ሊያጣው ይችላል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መምህሩ ራሱ ለፒኤችዲ ይወጣል ወይም ይለቃል። ለትምህርት የሚወጣ ውል ይፈርማል፤ ተመልሶ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ካልተመለሰ ዋሱ ምን እንደሚከፍል እዚያ ላይ ተጽፏል። ዋስ ከመጥራት በፊት ያንን ቁጥር ጮክ ብሎ ማንበብ ለዋሱም ለወዳጅነቱም ይበጃል። የሚለቅ ሰው ደግሞ ክሊራንስ ይጨርስ፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ንብረት ክፍል፣ ላብ፣ ፋይናንስ፣ መኖሪያ ቤት፣ ሬጅስትራር። ላብ ላይ የሚያስቀረው ከሦስት ዓመት በፊት በስሙ የወጣች ሁለት ቡሬት፣ ፈሳሽ የሚለካባት የመስታወት ቱቦ፣ ናት፤ አንዷ ተሰብራለች፣ የሰበራት ተማሪ ተመርቋል። ዕቃ ሲሰበር በዚያው ቀን የጉዳት ፎርም የሞላ ሰው በሁለት ቀን ክሊራንሱን ያስፈርማል። ያልሞላ ሰው መልቀቂያ ሳይዝ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ «ከቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ ማቅረብ የሚችል» ይላል።